ዐውሎ ነፋሱ ሳይመጣ የቀረበት ቀን

ሰው ሁሉ ከአደጋ በሚሸሽበት ሰዓት አደጋውን ፍለጋ የሚጓዙ ሰዎች መኖራቸውን ስንሰማ መገረማችን አይቀርም። በሰሜን አሜሪካ በተባበሩት መንግሥታት መካከለኛ ምዕራብ በየዓመቱ በሚያዝያ፣ በግንቦትና በሰኔ ወራት እንዲህ ያሉ ሰዎች በብዛት ይታያሉ። እነርሱም «የማዕበል አሳዳጆች» ይባላሉ። በአውቶሞቢል እየተጓዙ ነጐድጓድ፣ በረዶና ብርቱ ዐውሎ ነፋስ የሚነሣበትን ቦታ አስቀድመው ለመድረስ ይጣጣራሉ። ስለ እነርሱ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ዐውሎ ነፋሱን ባገኙበት ቀን ስላዩት አስደናቂ ነገር ነው። በዛሬው ንግግራችን የምናስረዳው ግን ቀኑን ሙሉ ደክመው ምንም ሳያገኙ ስለሚመለሱበት ቀን ነው። እንዲህ ያለው ቀን ከሌላው ይልቅ የሚበዛ ከመሆኑም በላይ፣ ለሰው ሕይወት ጥበቃ የሚሰጠው ትምህርት ቀላል አይደለም። በንግግራችን ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

በመጀመሪያ ስለ አገሩ ጥቂት እንናገር። ካንሳስ፣ ነብራስካ፣ አዮዋና ሚዙሪ የሚባሉት ክፍለ አገሮች የስንዴና የበቆሎ እርሻ የሞላባቸው ሰፋፊ ሜዳዎች ናቸው። በስተ ምዕራብ የሮኪ ተራሮች ከሰሜን ወደ ደቡብ ተዘርግተው ይገኛሉ። በስተ ደቡብ ደግሞ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ አለ። ከዚህ ባሕር የሚነሣውን ሞቃትና ርጥብ አየር በመንገዱ ላይ የሚያግደው ተራራ ስለሌለ፣ በጸደይ ወራት እስከ ሜዳዎቹ መካከል ድረስ ይዘልቃል። ከምዕራብ የሚመጣው ደረቅ አየርና ከላይ የሚነፍሰው ቀዝቃዛ ነፋስ ከዚህ ርጥብ አየር ጋር ሲገናኙ ብርቱ ነጐድጓድ ይወለዳል።

ከእነዚህ ነጐድጓዶች አንዳንዶቹ ቶርኔዶ የተባለውን ዐውሎ ነፋስ ያስነሣሉ። ቶርኔዶ ማለት ከደመናው ግርጌ እስከ ምድር የሚደርስ፣ በኀይል የሚሽከረከር የነፋስ ዐምድ ነው። በአሜሪካ በዓመት 1,200 ያህል ቶርኔዶዎች ይቈጠራሉ። አብዛኞቹ ደካሞች ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ከ10 ደቂቃ አያልፍም። ከሁሉ የበረቱት ግን የነፋሳቸው ፍጥነት በሰዓት ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ቤትን ከመሠረቱ ነቅለው ይጥላሉ። እንግዲህ በዚያ ሰፊ ሜዳ ላይ፣ ወርዱ ከጥቂት መቶ ሜትር ብዙ ጊዜ የማያልፈውን፣ በጥቂት ደቂቃም የሚጠፋውን ነገር በቦታውና በሰዓቱ ተገኝቶ ማየት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ማዕበልን ማሳደድ በመጀመሪያ የጥቂት ግለሰቦች ሥራ ነበር። ከቀደምቶቹ አንዱ የሰሜን ዳኮታው ዴቪድ ሆድሊ ሲሆን፣ ሥራውን የጀመረው በ1956 ነው። ቈይቶም የሳይንስ ሰዎች ገቡበት። በግንቦት 24 ቀን 1973 በኦክላሆማ፣ ዩኒየን ሲቲ በምትባለው ከተማ ላይ የወረደውን ቶርኔዶ የኖርማን ከተማ ተመራማሪዎች ከመወለዱ እስከ መጥፋቱ ድረስ በሜዳ ሆነው ፎቶግራፍና ፊልም አነሡ። በዚያው ሰዓት ዶፕለር የተባለው ራዳር ከሩቅ ይመለከተው ነበር። ፊልሙና የራዳሩ መዝገብ ጐን ለጐን በታዩ ጊዜ ራዳሩ በደመናው ውስጥ የነበረውን ሽክርክሪት ለይቶ እንደያዘ ተረጋገጠ። ዛሬ ለሕዝብ የሚሰጠው የቶርኔዶ ማስጠንቀቂያ ከዚያ ቀን ሥራ ብዙ ተጠቅሟል።

አሁን ደግሞ ወደ ከሸፈው ቀን እንመለስ። እንዲህ ያሉት ቀኖች እርስ በርሳቸው ስለሚመሳሰሉ፣ የአንዱን አካሄድ ለምሳሌ ያህል ብንገልጽ የሁሉንም ጠባይ ያሳያል።

በእኛ ሰዓት አቈጣጠር ጧት 1 ሰዓት ገደማ፣ በካንሳስ ከዶጅ ሲቲና ከቶፒካ፣ በነብራስካም ከኖርዝ ፕላት ጣቢያ ትልልቅ ፊኛዎች ወደ ሰማይ ይለቀቃሉ። እያንዳንዱ ፊኛ የአየሩን ሙቀት፣ ርጥበትና ግፊት እየለካ በሬዲዮ የሚያስተላልፍ ትንሽ መሣሪያ ተሸክሞ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ከፍታ ይወጣል፤ የነፋሱም ፍጥነትና አቅጣጫ ከጕዞው ይታወቃል። አሳዳጆቹ በየመንገዱ ዳር ባለ ርካሽ ሆቴል ውስጥ ሆነው ይህን ወሬ ያነባሉ፤ ካርታዎችን ያስተያያሉ። በኖርማን ያለው የብርቱ ማዕበል ትንበያ ማዕከልም ከቀትር በኋላ በምዕራብ ካንሳስ አደገኛ ነጐድጓድ ሊነሣ እንደሚችል ያስታውቃል። ርጥበቱ በቂ ነው፤ ነፋሱም ተስማሚ ነው። ተስፋቸው ሞልቶ መንገድ ይጀምራሉ።

እስከ ቀትር ድረስ ሦስትና አራት መቶ ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ። መንገዱ እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ያለ ነው። ግራና ቀኙ ስንዴ ነው፤ ከሩቅ የሚታየውም በየትናንሽ ከተማው የቆመው ረጅም የእህል ጐተራ ብቻ ነው። ከዚያም በአንዲት መንደር ነዳጅ ማደያ ቆመው ይጠብቃሉ። ከደቡብ የሚነፍሰው አየር ከመሞቁና ከመራሱ የተነሣ ሸሚዝ ከገላ ይጣበቃል። ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን በስተ ምዕራብ እንደ ተባዘተ ጥጥ የነጡ ደመናዎች ይነሣሉ። አንዱ አናቱን ከፍ አድርጎ ያድጋል፤ ሁሉም ወደ አውቶሞቢሉ ይሮጣል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን ደመናው ከሥሩ ይቀጥናል፤ ይበታተናል፤ ይጠፋል። ሌላው ይነሣል፤ እርሱም እንደዚያው ይሆናል።

በዚህ ጊዜ ክርክር ይነሣል። አንዱ በያዙት ቦታ መጠበቅ ይሻላል ይላል፤ ሌላው ወደ ሰሜን እንሂድ ይላል። እነርሱ ሲመካከሩ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በነብራስካ ውስጥ፣ አንድ ብቸኛ ነጐድጓድ ይወለዳል። አናቱ እንደ አንጥረኛ መስፍ ተዘርግቶ በአድማስ ላይ ይታያቸዋል፤ ነገር ግን ሳይጨልም ሊደርሱበት አይችሉም። በዚያ አገር በግንቦት መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ፀሐይዋ ጥርት ባለ ሰማይ ላይ ትጠልቃለች። ከማደያው የገዙትን ዳቦ እየበሉ የመጡበትን መንገድ በጨለማ ይመለሳሉ። አሳዳጆቹ እንዲህ ያለውን ቀን «ቡስት» ይሉታል፤ ኪሳራ እንደ ማለት ነው። የእኛ አባቶች ቢያዩት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» በሚለው ተረት በገለጹት ነበር። ብዙዎቹ አሳዳጆች ደመወዝተኞች ስለሆኑ የሚያጠፉት የነዳጅ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የዓመት ፈቃዳቸውም ጭምር ነው።

አድማጮች ሆይ፤ ሁሉም ነገር የተሟላ መስሎ ሳለ ነጐድጓዱ ስለምን ቀረ? ለብርቱ ነጐድጓድ አራት ነገሮች ባንድነት መገኘት አለባቸው። አንደኛው በምድር አጠገብ ያለ ብዙ ርጥበት ነው። ሁለተኛው ከላይ ያለው አየር በጣም መቀዝቀዝ ነው፤ ሞቃት አየር ወደ ላይ እየፈጠነ የሚወጣው በዚህ ልዩነት ኀይል ነው። ሦስተኛው አየሩን ከታች ገፍቶ የሚያስነሣ ምክንያት ነው፤ ለምሳሌ ደረቁና ርጥቡ አየር የሚጋጩበት ድንበር እንዲህ ያለውን ሥራ ይሠራል። አራተኛው የነፋሱ ፍጥነትና አቅጣጫ ከታች ወደ ላይ ሲሄዱ መለዋወጥ ነው፤ ነጐድጓዱ እንዲሽከረከር የሚያደርገው ይህ ነው።

ከእነዚህ ከአራቱ ሌላ ቀኑን ሊያሳካ ወይም ሊያከሽፍ የሚችል አንድ የተደበቀ ነገር አለ። ከሜክሲኮ ደጋና ከደቡብ ምዕራብ በረሃዎች የሚመጣ ሞቃትና ደረቅ አየር በርጥቡ አየር ላይ ተንሳፍፎ ይተኛል። ከታች የሚነሣው አየር ወደዚህ ንብርብር ሲደርስ ከዙሪያው ይልቅ ቀዝቃዛና ከባድ ስለሚሆን ወደ ላይ ማለፍ አይችልም። የአየር ጠባይ ሊቃውንት ይህን ንብርብር «ክዳን» ይሉታል፤ በእርግጥም በሚፈላ ድስት ላይ እንደ ተገጠመ ክዳን ያለ ነው። ያ ጥጥ የመሰለው ደመና አናቱን ከፍ አድርጎ የጠፋው ይህን ክዳን ሊሰብር ሞክሮ ስላልቻለ ነው።

አስገራሚው ነገር ክዳኑ ጠላትም ወዳጅም መሆኑ ነው። ፈጽሞ ባይኖር ኖሮ ገና በጧቱ ደካማ ዝናብ በየቦታው ይነሣና የቀኑ ኀይል በከንቱ ይባክናል። ክዳኑ መካከለኛ ሲሆን ግን ሙቀቱና ርጥበቱ እስከ ማታ ይጠራቀማል፤ በአንድ ቦታ በተሰበረ ጊዜም እጅግ ብርቱ ነጐድጓድ ይፈነዳል። ክዳኑ ከልክ በላይ ከጠነከረ ደግሞ ምንም ሳይሆን ይመሻል። እንግዲህ ታላቅ አደጋ የሚያስከትለው ቀንና ባዶ የሚቀረው ቀን ጧት ሲታዩ መልካቸው አንድ ነው። በ3 ሺህ ሜትር ከፍታ አጠገብ ያለው አየር አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ያህል ሞቅ ማለቱ ብቻ አንዱን ወደ ሌላው ሊለውጠው ይችላል። ፊኛዎቹ የሚወጡት በተለመደው ጊዜ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ጣቢያዎቹም እርስ በርሳቸው በመቶ የሚቈጠር ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። በመካከል ያለውን አየር በትክክል ማወቅ የሚያስቸግረው ስለዚህ ነው።

ባዶ እጅን መመለስ የግለሰቦች ዕጣ ብቻ አይደለም። በ1980ዎቹ የአሜሪካ ተመራማሪዎች «ቶቶ» ብለው የሰየሙትን፣ ክብደቱ 180 ኪሎ ያህል የሆነ በርሜል መሰል መሣሪያ በመኪና እየጫኑ በቶርኔዶ መንገድ ላይ ሊያስቀምጡ ለዓመታት ደክመዋል። መሣሪያው አንድ ጊዜ እንኳ የቶርኔዶ እምብርት ሳያልፍበት ከሥራ ተሰናበተ። በ2009 ደግሞ «ቮርቴክስ ሁለት» የተባለ ታላቅ የምርምር ዘመቻ 100 ያህል ተመራማሪዎችንና 40 ያህል ተሽከርካሪዎችን፣ ተንቀሳቃሽ ራዳሮችን ጭምር ይዞ ከግንቦት 10 እስከ ሰኔ 13 ሜዳውን ሲያስስ ከረመ። ወራቱ ያለ ልማዱ ጸጥ ያለ ሆኖ፣ ዘመቻው በሚገባ መዝግቦ የተመለሰው ሰኔ 5 ቀን በዋዮሚንግ፣ በጎሸን አውራጃ የተነሣውን አንድ ቶርኔዶ ነበር።

ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነበር ማለት ግን አይቻልም። ብርቱ ሆነው ከሚሽከረከሩት ነጐድጓዶች አብዛኞቹ ቶርኔዶ ሳያወርዱ ያልፋሉ። ስለምን እንዳላወረዱ ለማወቅ ያላወረዱትንም መለካት ያስፈልጋል። በ1994ና በ1995 በተደረገው የመጀመሪያው «ቮርቴክስ» ዘመቻና በሌሎች ጉዞዎች የተሰበሰበው መዝገብ ከጊዜ በኋላ ሲመረመር፣ ከነጐድጓዱ ጀርባ ወደ ምድር የሚወርደው አየር በጣም የቀዘቀዘ ሲሆን ቶርኔዶ መወለዱ እንደሚከብድ፣ እምብዛም ሳይቀዘቅዝ ሲቀር ግን እንደሚቀልል ታየ። ይህ ዕውቀት ሊገኝ የቻለው ተመራማሪዎቹ የተሳካላቸውን ቀን ብቻ ሳይሆን ያልተሳካላቸውንም ቀን በእኩል ትጋት ስለጻፉት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ባዶ ቀንን በትክክል አለመቍጠር የሚያስከትለውን ስሕተት የሚያሳይ አንድ የታሪክ ምሳሌ እናቀርባለን። በ1884 ጆን ፊንሊ የተባለ የአሜሪካ ጦር መገናኛ ክፍል ባልደረባ ቶርኔዶን አስቀድሞ ለመናገር ሙከራ አደረገ። በሦስት ወራት ውስጥ ከሰጣቸው 2,803 ትንበያዎች መካከል 96.6 ከመቶ የሚሆኑት ትክክል እንደነበሩ ተነገረ። ቍጥሩ ያስደንቃል፤ ሲመረመር ግን ሌላ ነገር ይታያል። ፊንሊ «ቶርኔዶ ይነሣል» ያለው 100 ጊዜ ነው። ከነዚህም የሆነው 28 ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ 72 ጊዜ ሳይሆን ቀርቷል። «አይነሣም» ባለበትም 23 ጊዜ ተነሥቷል። የቀሩት 2,680 ትንበያዎች «አይነሣም» ተብለው በእርግጥም ያልተነሣባቸው ናቸው። በዚያው ዓመት የምድር ጥናት ሊቅ የነበረው ግሮቭ ጊልበርት የዚህን ስሌት ድካም አሳየ። አንድ ሰው ምንም ሳይመራመር ዘወትር «አይነሣም» እያለ ቢቀመጥ ኖሮ ከመቶ 98.2 ትክክል በሆነ ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ከፊንሊ የበለጠ ማርክ ያገኛል፤ ነገር ግን አንዲት ነፍስ እንኳ አያድንም።

ከዚያ ዘመን አንሥቶ ሹማምንቱ «ቶርኔዶ» የሚለው ቃል ሕዝቡን ያሸብራል ብለው በትንበያ ላይ እንዳይነገር አደረጉ። ይህ ልማድ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ጸንቶ ኖረ። በመጋቢት 20 ቀን 1948 በኦክላሆማ የሚገኘውን የቲንከር አየር ኀይል ሰፈር ያልታሰበ ቶርኔዶ መታው። አዛዡም ኧርነስት ፎውቡሽና ሮበርት ሚለር የተባሉትን ሁለት መኰንኖች እንዲህ ያለውን አደጋ አስቀድሞ ማወቅ ይቻል እንደሆነ እንዲመረምሩ አዘዛቸው። ከአምስት ቀን በኋላ የሰማዩ ሁኔታ ከፊተኛው ጋር ተመሳስሎ ስላገኙት ማስጠንቀቂያ አወጡ፤ አውሮፕላኖችም ወደ መጠለያ ገቡ። ወደ ማታ ምንም ባለመታየቱ ሚለር ትንበያው ከሸፈ ብሎ አዝኖ ወደ ቤቱ ሄደ። ቶርኔዶው ሰፈሩን ዳግመኛ መምታቱን የሰማው ከቤቱ ሆኖ በሬዲዮ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1950፣ የመንግሥቱ የአየር ጠባይ ቢሮ ቶርኔዶን በትንበያ ላይ መጥቀስ ክልክል አለመሆኑን ለሠራተኞቹ አስታወቀ።

ማስጠንቀቂያ መስጠት ከተፈቀደ በኋላ ግን ሌላ ችግር መጣ። ማስጠንቀቂያው ሲበዛና ብዙ ጊዜም ምንም ሳይሆን ሲቀር ሕዝቡ ይለምደዋል፤ «ተኵላ መጣ» እያለ ሲጮኽ እንደኖረው እረኛ ታሪክ ይሆናል። በ2011 አካባቢ በአሜሪካ ከሚሰጡት አራት የቶርኔዶ ማስጠንቀቂያዎች ሦስቱ ያህል ቶርኔዶ ሳይታይባቸው ያልፉ ነበር። በዚያው ዓመት በግንቦት 22 ቀን በሚዙሪ፣ በጆፕሊን ከተማ ላይ እጅግ ብርቱ ቶርኔዶ ወርዶ 158 ሰዎችን በቀጥታ ገደለ። ማስጠንቀቂያው አስቀድሞ ተሰጥቶ፣ የአደጋው ደወልም ተደውሎ ነበር። ከአደጋው በኋላ በተደረገው የመንግሥት ምርመራ፣ ብዙዎቹ ነዋሪዎች ደወሉን እንደ ሰሙ ወዲያው እንዳልተጠለሉ፣ ይልቁንም ሌላ ማረጋገጫ ሲፈልጉ ጊዜ እንዳለፈባቸው ተገለጸ። ለዚህም ከምክንያቶቹ አንዱ የደወሉ ድምፅ በጣም የተለመደ መሆኑ ነበር።

እንግዲህ ከሸፈ የተባለው ቀን ከአሳዳጆቹ ቅሬታ ያለፈ ዋጋ እንዳለው ከዚህ እንረዳለን። በሜዳው ላይ ቆሞ «ደመናው ተነሣ፤ ክዳኑን ግን አልሰበረም፤ በዚህ ሰዓት ጠፋ» ብሎ የሚጽፍ ሰው፣ ነገ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ በከንቱ እንዳይሆን ይረዳል። ባልታየው ነገር ላይ ጨምሮ የሚያወራ፣ ወይም ያየውን ባዶ ሰማይ ሳይጽፍ የሚያልፍ ግን መዝገቡን ያበላሻል። የተበላሸ መዝገብም የጆፕሊን ሰዎች የነበራቸውን ዐይነት ጥርጣሬ ያበዛል።

ደግሞም ዐውሎ ነፋሱን ማግኘት ሁልጊዜ ደስታ እንዳልሆነ መዘንጋት አይገባም። ቲም ሳማራስ የተባለው መሐንዲስ በሰኔ 24 ቀን 2003 በደቡብ ዳኮታ፣ ማንቸስተር በምትባል መንደር አጠገብ፣ «ቶቶ» ያልሆነለትን አደረገ። አነስተኛ መሣሪያውን በቶርኔዶው መንገድ ላይ አስቀምጦ፣ የአየሩ ግፊት በ100 ሚሊባር ያህል ሲወርድ መዘገበ። ይህ ጥንቁቅ ሰው ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 31 ቀን 2013፣ በኦክላሆማ በኤል ሬኖ አጠገብ ስፋቱ 4 ኪሎ ሜትር ያለፈ ቶርኔዶ ደርሶበት ከልጁና ከሥራ ጓደኛው ጋር ሞተ። በጥርት ሰማይ ሥር አዝኖ ወደ ቤቱ የተመለሰ አሳዳጅ ይህን ሲያስብ ማጕረምረሙን ሳይተው አይቀርም።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ በየጽሕፈት ቤቱ የሚሠራ ሰው ሁሉ ለምርመራ ተልኮ «የተባለውን ነገር አላገኘሁም» ብሎ መጻፍ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል። አለቃው ደክሞ ያልሠራ ይመስለው ይሆን ብሎ ይሰጋል። ነገር ግን ከካንሳስ ሜዳ የምንማረው ይህ ነው፦ «አልተገኘም» የሚለው ቃል፣ ቦታውና ሰዓቱ በእውነት ተጽፎ ሲቀርብ፣ «ተገኘ» ከሚለው ቃል ያላነሰ ሥራ ነው። የቲንከር መኰንኖች ማስጠንቀቂያ ለማውጣት የቻሉት ከፊተኛው ቀን የተጻፈ መዝገብ ስለነበራቸው ነው። ለሚቀጥለው ትንበያ መሠረት የሚሆነውም ዛሬ ባዶ እጁን የተመለሰው ሰው የሚጽፈው መዝገብ ነው።